አውራ ጣቴን የነፈግኩት ውል

ሃይኒንግ፣ ቻይና፣ ታኅሣሥ 12 ቀን

ለተከበሩት ታላቅ ወንድሜ፣ ለጋሼ፤

ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? ጨጓራዎ ተሻለዎት ወይስ አሁንም በርበሬውን ከእትዬ ተደብቀው ይልሳሉ? እትዬስ ደህና ናት? ልጆቹ አደጉ? እማዬን ጉልበቷ እንዴት አደረጋት? እኔ፣ አምላክ ይመስገን፣ ከቆዳው ሽታ በቀር የሚጎዳኝ ነገር የለም፤ እሱም ለለመደው ሽቶ ነው።

ይህን ደብዳቤ ሲያዩ «ማን ጻፈለት?» ብለው ጀርባውን ገልብጠው የጸሐፊውን ስም እንደሚፈልጉ አውቃለሁ። አይድከሙ፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው የሚሉ ከሆነም፣ በስልክ ሁሉም ያወራል፤ መጻፍ ግን የተማረ ሰው ሥራ ነው። ፊደሌ አንዳንድ ቦታ ከመስመር ቢወጣ እጄ ስለከበደ እንጂ ጭንቅላቴ ስለቀለለ አይደለም።

ያስተማረችን ወይዘሮ ፀዳለ ትባላለች። ያገራችን ሰው ናት፤ እዚሁ ፋብሪካ ኬሚካል ትቀምማለች። ካለፈው ዓመት ጥቅምት ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን፣ እራት ከተነሣ በኋላ፣ ከመመገቢያ አዳራሹ አንዱን ጠረጴዛ ጠርጋ ሦስት ሐበሾችን ፊደል ታስቆጥራለች። በመጨረሻው ፈተና አንደኛ ወጣሁ። እርግጥ በዚያ ዕለት አንደኛው ጥርሱን አሞት ቀርቷል፤ ሌላው ለዕረፍት አገር ቤት ገብቷል። ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው፤ የሚወዳደረው የመጣ ሰው ነው።

ኑሮዬ እንደ ወትሮው ነው። ጠዋት በፔርሙዝ የሞቀ ውሃዬን ይዤ በኤሌክትሪክ ብስክሌቴ ከች እላለሁ። የመመገቢያው አዛዥ ጉ የምትባል አሮጊት ናት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንቁላል በቲማቲም ስታቀርብልኝ ሰልችቷት፣ በቀደም በሰው ፊት፣ «አንተ ሰውዬ፣ አሳማ አትበላ፣ እንቁራሪት አትበላ፣ ሸርጣን አትበላ፤ እናትህ በምን አሳደገችህ?» አለችኝ። «በቁጣ» አልኳት። ሳቋ እስኪያፍናት ስቃ አንድ እንቁላል ጨመረችልኝ።

ሥራዬ መቼም የሚወራ ነው። የበግ ሌጦ ፊቴ ይዘረጋል፤ አውራ ጣቴን ከአንገቱ እስከ ጭራው አንዴ አንሸራትትና አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ውዳቂ እላለሁ። እከክ የበላውን፣ ቢላ የጫረውን፣ ጨው ያነሰውን ጣቴ ይነግረኛል። ባለፈው ክረምት ባለቤቱ፣ ሽማግሌው ሼን፣ ከደንበኞቹ ጋር ተወራርዶ ዓይኔን በሻሽ አሰረና አርባ ሌጦ አቀረበልኝ። የሳትኩት አንዱን ብቻ ነው፤ በእሱም እስከ ዛሬ እከራከራለሁ። ሠራተኛው ሁሉ «ሺፉ» ይለኛል፤ እጁ ሥራ ላወቀ ሰው የሚሰጥ ማዕረግ ነው። እርስዎን «መምህር» እንደሚሉዎት ማለት ነው።

በጥቅምት ሼን ሌጦ ግዢ ይዞኝ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሲኒንግ ሄደ። ከአንድ ቀን በላይ በባቡር። ከፊታችን የተቀመጡ አዛውንት የሱፍ ፍሬ እየፈለፈሉ ጉልበቴ ላይ እያራገፉ፣ ፀጉሬን አንዴ ልንካው ብለው ለመኑኝ። «በነፃ አይነካም» አልኳቸው፤ ግማሽ ከረጢት ሱፍ ሰጡኝ። ገበያው ላይ ደግሞ፣ ጋሼ፣ ዋጋ በአፍ አይነገርም። ሻጭና ገዢ ሰው እንዳይሰማቸው እጃቸውን በአንድ እጅጌ ውስጥ ከተው፣ ጣት ለጣት እየተጫጫኑ ይዋዋላሉ። ፊታቸው ግን ስለ አየሩ ያወራል። ማ የሚባለው ሻጭ እጁን ወደ እኔ እጅጌ ሰደደ። እኔም ሰደድኩ። ሲያጠብቅ አላላሁ፤ ሲያላላ አጠበቅሁ። እጁን አውጥቶ ለሼን፣ «ይህን ሰው ከየት አመጣኸው? ጣቱ ከምላስህ ይሻላል» አለው። ስንመለስ ሼን መንገዱን ሁሉ ሒሳብ ሲደምር ቆየ። ባቡሩ ሊደርስ ሲል፣ «ከእንግዲህ ለግዢ ብቻህን ትሄዳለህ። የሌጦ መለያውም ክፍል ኃላፊ አንተ ነህ። የሦስት ዓመት ውል አጽፍልሃለሁ» አለኝ። በዚህ ፋብሪካ ይህን ሥራ ያገኘ የውጭ ሰው የለም። ከእኔ ወዲያም የሚያገኝ አይመስለኝም።

አሁን ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የድሮው ውሌ የሚያበቃው በእነሱ አቆጣጠር በዲሴምበር ሃያ ነበር፤ የመኖሪያ ፈቃዴም ከእሱ ጋር። እስከዚያ አዲሱን ካልፈረምኩ ሻንጣዬን አንሥቼ መግባት ነው። የቢሮዋ ልጅ ሊን ወረቀቱን ዘረጋችልኝ። ብዕሩን ተቀብዬ፣ ሳልቸኩል፣ ስሜን ከነአባቴ እንደ ሠርግ መጥሪያ አሳምሬ ጻፍኩ። ቀና ስል ቀይ ቀለም የሞላባት ትንሽ ቆርቆሮ ወደ እኔ ገፋች።

«ጣትህን» አለችኝ።

«ምን አልሽ?»

«አውራ ጣትህን። ስምህ ላይ አድርግበት።»

«መጻፌን አላየሽም እንዴ?»

«አየሁ፣ ያምራል። ጣትህን አድርግ።»

ጋሼ፣ ጆሮዬ ጋለ። ፊደል የቆጠርኩት ለዚህ ነው? ብዕሩን አስቀምጬ ወጣሁ።

ምሳ ላይ ሼን ሳህኑን እንደያዘ መጣብኝ። «አንተ በሬ! ለአንዲት ጣት ብለህ የሩዝ ሳህንህን ትሰብራለህ?» ብሎ ጮኸ። «ጣት የመሃይም ነው» አልኩት። «እና እኔ መሃይም ነኝ? እኔም አድርጌያለሁ!» አለ። ጉ ከድስቱ ጀርባ፣ «ተወው፣ ዛሬ እንቁላሉ በዝቶበት ነው» አለች። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከዚያን ቀን ወዲህ በሄድኩበት ሁሉ ሰው አውራ ጣቱን ቀስሮ ሰላም ይለኝ ጀመር።

ወይዘሮ ፀዳለ ለብቻዬ ጠርታ ነገረችኝ፤ «ወንድምዓለም፣ ተሳስተሃል። እዚህ አገር ፊርማ ያለ ጣት ግማሽ ነው። ፕሮፌሰሩም፣ ሙሽራውም፣ ሙሽሪቷም ያደርጋሉ። እኔም ዲግሪዬን ይዤ አድርጌያለሁ። የናቀህ የለም።» ዘጠኝ ዓመት ኖሬ ይህን አለማወቄ! የድሮውንም ውል በጣቴ ስፈርም፣ ሊን ቆርቆሮውን ስትገፋ «አውቃብኛለች» ብዬ ነበር እንጂ ለሁሉም እንደምትገፋ አላየሁም። ስህተቴ ገባኝ። ጣቴን ግን አሁንም አላነሣሁም።

እልኸኛ ነው ይሉኝ ይሆናል። ምክንያቱን ልንገርዎት።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ወይዘሮ ፀዳለ፣ «እጃችሁ ላይ ያለ የአማርኛ ወረቀት አምጡና ቆማችሁ አንብቡ» ብላን ነበር። ጥርሱን ያመመው የመድኃኒት ብጣሽ አመጣ። እኔ የአባባን ወረቀት ይዤ ሄድኩ። ያስታውሱታል። የአባባ አርባ በወጣ በሳምንቱ ቀበሌ ይዘውኝ ሄደው፣ «የዕድሩ ነው፣ ጣትህን አድርግ» ብለው ካስደረጉኝ በኋላ አንዱን ቅጂ የሰጡኝ ነው። የአባባ ስም ያለበትን መስመር ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት። እኔም አሥራ አንድ ዓመት በፕላስቲክ ጠቅልዬ ከእማዬ ፎቶ ጋር አኖርኩት። ለሼን እንኳን አሳይቼዋለሁ፣ «ይህ የአባቴ ስም ነው» ብዬ።

ቆሜ አነበብኩ። እስከ አባባ ስም ድረስ ድምፄ የዲያቆን ነበር። ከዚያ የቤታችን ቁጥር መጣ። ከዚያ «ድርሻዬን በገዛ ፈቃዴ ለታላቅ ወንድሜ» የሚል መጣ። ወይዘሮ ፀዳለ፣ «ይበቃል ወንድምዓለም፣ ጎበዝ» አለችኝ። እኔ ግን እስከ ታች፣ እስከ ምስክሮቹ ስም ድረስ አነበብኩት። ስለ ዕድር አንድም ቃል የለበትም።

ሦስት ቀን አልቀለድኩም። ጉ አመመው ብላ ዝንጅብል አፈላችልኝ።

ስለዚህ ለሼን እንዲህ አልኩት፤ «ጣቴን አልነፍግህም። ግን ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች ይነበብልኛል፣ እኔም በራሴ ቋንቋ እጽፈዋለሁ።» ፀጉሩን ያዘ። ስድስት ገጽ ነው። ወይዘሮ ፀዳለ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ማታ ማታ እየተረጎመች ታነባለች፤ እኔ ደብተሬ ላይ እገለብጣለሁ። አምስተኛው ገጽ ላይ በግዢ መንገድ ላይ ብታመም ወይ ብጎዳ ፋብሪካው አያገባውም የሚል አገኘሁ። ይዤ ሄድኩ። «ይህ ይውጣ፤ አለበለዚያ ሲኒንግ ራስህ ሂድ» አልኩት። ሼን መነጽሩን አድርጎ ረጅም ጊዜ አየው። «ሃያ ዓመት ይህን ወረቀት ሳስፈርም እዚህ ገጽ የደረሰ ሰው የለም» አለ። ቀጥሎም ዝቅ ብሎ፣ «እኔም አልደረስኩም» አለና ሰረዘው። ሊን እያጉረመረመች እንደገና ጻፈችው።

የድሮው ውል ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው ስሜን ጻፍኩ፣ አውራ ጣቴን ቀለም ውስጥ ነክሬ ስሜ ላይ ተጫንኩ። ሊን ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግታ፣ «ሺፉ፣ ይህ ጣት አይደለም፣ እድፍ ነው» አለች። ደገምን፣ ሠለስን። ለካስ መስመሩ ሁሉ ጠፍቷል። ሼን የራሱን አውራ ጣት አመጣና ከእኔው አጠገብ አቆመው። እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው። «የሌጦውን ፀጉር የምናወልቅበት ኖራ በልቶታል» አለ። «የእኔም ከሄደ ሠላሳ ዓመቱ ነው።» «እንግዲያው እኔና አንተ የተጣላነው በሌለ ጣት ነዋ!» አልኩት። ተያይዘን ሳቅን። በመጨረሻ ውሉ በትንሿ ጣቴ ጸደቀ፤ ሥራ ፈት ስለሆነች መስመሯ እንዳለ ነበር።

በቀበሌው ወረቀት ላይ ግን፣ ጋሼ፣ አውራ ጣቴ ጥርት ብሎ ነው የወጣው። አንድ በአንድ ይቆጠራል። ያኔ ገና ቆዳ ፋብሪካ አልገባሁም። እርስዎ የመምህራን ማሠልጠኛ ሲማሩ እኔ መናኸሪያ ዕቃ ስሸከም ነበር፤ ከሁለታችን ጭንቅላቱ ያለዎት እርስዎ ነበሩና ቅር ብሎኝ አያውቅም። አሁንም በዚያ ቅር አይለኝም።

እማዬ ከትልቁ ቤት ወደ ሰርቪሷ የዞረችው ፀሐይ ስለምትወድ ነው ብለውኝ ነበር። አምኜ ለፀሐዩ የምትታጠፍ ወንበር ላክሁላት። መቼም ደርሷታል።

የቻይናዎቹ አዲስ ዓመት ሲደርስ ፋብሪካው ይዘጋል። ቲኬቴን ቆርጫለሁ፤ የጥር ማርያም ባለፈች በሳምንቱ እገባለሁ፣ ሦስት ሳምንት እቀመጣለሁ። ከምስክሮቹ ሁለቱ በሕይወት እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ በመጣሁ በመጀመሪያው እሑድ ቤት ይጥሩልኝ። ጠብ አልፈልግም። ክስም አልጻፍኩም፤ መጻፍ ግን እንደምችል አይተዋል። እኔ ወረቀቱን አነባለሁ፣ እርስዎ ያዳምጡኛል። የሳትኩት ፊደል ካለ ያርሙኝ፤ መምህር ነዎት። ከዚያ እማዬ በየትኛው ቤት እንደምታድር በምስክሮቹ ፊት እንነጋገራለን። እስከዚያ እኔም የማድረው ሰርቪሷ ውስጥ ነው። በትልቁ ቤት ገብተዋል ሲሉ የሰማኋቸው ተከራዮች ከወዲሁ ቢነገራቸው ደግ ነው፤ ድንገት የሚወጣ ሰው ያሳዝናል።

የእርስዎን ጤና፣ የእትዬን ትዕግሥት፣ የልጆቹን ዕድገት እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ። ዓይን ለዓይን እስክንተያይ ልባችንን ያቅናልን፤ የአባባን ነፍስ ይማርልን።

አንድ ነገር ላስቸግርዎት። የዚህን ደብዳቤ የመጀመሪያውን ገጽ ለእማዬ ያንብቡላት፤ በእንቁላሏ ነገር ትስቃለች። የቀረውን ስመጣ እኔው አነብላታለሁ።

አክባሪዎ፣
ታናሽ ወንድምዎ