በቢንዱ ማሳ ላይ ስለቆመው ሰሌዳ

...ቅርጫቷን ስቀበላት ከታች ገና ይንጠባጠብ ነበር፤ የካቻምናው ጎርፍ ከቤቷ ከወጣ ሳምንት አልሞላውም ነበር፤ የረጅሙ ሩዛችን ዘር እንዳይረጥብ የሙዝ ቅጠል አነጠፍሁበትና እስከ አፉ ሞላሁላት፤ ቢንዱ አንገቷን ደፍታ...

ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰላምታ ሳላስቀድም ጀመርሁ።

ለክቡር ሾሜሽ ባቡ፣ የወረዳችን የግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ። ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰላም፣ ጭቃ የማያውቁት ጫማዎችዎም ዘወትር እንዳብረቀረቁ ይሁኑ። እኔ የኮልሚዳንጋ መንደር ነዋሪ ኒሩፓማ ሞንዶል ነኝ፤ ማሳዬን ከቢንዱ ማሳ የሚለየው አንድ የጭቃ ድንበር ብቻ ነው። ይህን ደብዳቤ በገበያው ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ የምለጥፈው፣ ሻይዎን እየጠጡ ያለ ድካም እንዲያነቡት በማሰብ ነው።

፩. በቅድሚያ ስለ ሰሌዳው አመሰግናለሁ። «የቢንዱ ሩዝ» ተብሎ፣ ከነፎቶግራፏ፣ ከመንገድ እንዲታይ ተደርጎ ቆሟል። ጀርባዬን ሰጥቼ አረም ስነቅልም እንኳ ከሰዓት በኋላ ጥላው እግሬ ላይ ይወድቃል። በፎቶግራፉ ላይ ጸጉሯን በዘይት አስተኝታለች። ያምርባታል። ይህን መጻፍ አልነበረብኝም።

፪. ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤቱ ግቢ ሰብስበው ስለሰጡን ምክርም ምስጋናዬ የላቀ ነው። ያ ረጅም ሩዛችን ያለፈበት እንደሆነ፣ ዘግይቶ እንደሚደርስ፣ አጭሩንና የተሻሻለውን መዝራት እንዳለብን በትዕግሥት አስረዱን። እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ ሰማሁ። ከጣሪያው ወጋግራ ላይ ሰቅዬ ያቆየሁትን የአሮጌውን ዘር ዛላ አውርጄ ፈትጌ ቀቀልሁት። ቢንዱ በዚያ ቀን እኅቷን ልትጠይቅ ሄዳ ስለነበር ምንም አልሰማችም። ዘንድሮ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ውኃ ማሳችንን ሲሞላው አጭሩ ሩዝዎ ጠለቀ፤ የቢንዱ ረጅሙ ግን አንገቱን አውጥቶ ቆመ። እርስዎም መጥተው፣ ምክርዎን ባለመስማቷ ሸለሟት።

፫. ይህኛው ስለ ሽታ ነው፤ በጽሕፈት ቤትዎ ሥልጣን ሥር መሆኑን አላውቅም። ቢንዱ ድስቷን ስትጥድ የዚያ ሩዝ ሽታ በአጥራችን አልፎ ይገባል። ዓይናቸው የደከመው አማቴ ከአልጋቸው ቀና ብለው፣ «ኒሩ፣ ሩዛችን ደረሰ እንዴ? ምነው ሳትነግሪኝ?» አሉኝ። «የጎረቤት ነው፣ እማ» አልኋቸው። «ጎረቤት የኛን ሩዝ ምን አድርጎ አገኘው?» ብለው ሳህናቸውን መለሱልኝ። ባለቤቴ ደግሞ እየሳቀ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ሽታ መቼም በነጻ ነው፤ ሽታውን ወጥ ነው ብለሽ የኛን ሩዝ ብዪዋ!» አለኝ። እርሱ በላ። አማቴ ግን እስከ ዛሬ ከእጄ የሚቀምሱት ጥቂት ነው፤ ሁልጊዜም መጀመሪያ ያሸቱታል።

፬. የአዲሱን ሩዝ በዓል በአንድ ድስት፣ በአንዲት ሴት ሩዝ እንድናከብር ስላደረጉን መንደሩ ሁሉ ባለዕዳዎ ነው። በየቤታችን የመጀመሪያውን ጭልፋ በሙዝ ቅጠል አድርገን ለቁራ እናስቀምጥ ነበር፤ ቁራው ለሞቱብን ያደርስልናል። እርስዎ ግን ከቁራው ቀድመው ቀመሱ፣ ደገሙም። የሞቱብን ሰዎች እንግዳ ያከብሩ ነበርና አይቀየሙዎትም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

በዚያው ድስት አጠገብ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ይህን ዘር ከየት አገኘሽው?» ብለው ቢንዱን ጠየቋት። «ባቡ ደግሞ! ዘር ከዘር ነዋ፣ ከየት ይመጣል?» አለች። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ስትናገር ወደ እኔ አይታ ነበር፤ ወይም ከኋላዬ ወዳለው ዛፍ።

ምናልባት በከተማ አይታወቅ ይሆናል እንጂ በእኛ ዘንድ ዘር የሰጠ ሰው «ሰጠሁ» አይልም። ካለ፣ በሚቀጥለው ዓመት ዛላው ገለባ ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ከሰላምታዬ በፊት ያመለጠኝን መስመር እንዳላነበቡት ይቁጠሩልኝ። የተቀበለ ሰው የሰጪውን ስም ቢጠራ ግን ምንም የሚደርስበት የለም። አንድ ጊዜ ብቻ። ያን ያህል ረጅም ስም አይደለም።

ጊዜዎን በማባከኔ እያፈርሁ፣ ሹመትዎ ከፍ እንዲል፣ ከፍ ብሎም ወደ ሌላ ወረዳ እንዲወስድዎ ዘወትር የምለምን፣ ምክርዎን ከልብ የሰማሁ ታዛዥዎ፣

ኒሩፓማ ሞንዶል

ማስታወሻ፦ ቀጣዩን የምክር ስብሰባ እኔ እኅቴ ዘንድ በምሄድበት ቀን ያድርጉልኝ።

ደግሞም (ይህን የጨመርሁት ሻይ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ ነው)፣ ደብዳቤውን ልለጥፍ ስወጣ ባዶ ቅርጫት ይዤ ነበር፤ አማቴ የሚበሉት ሩዝ ከሌላ ቤት አይገኝምና። ቢንዱ በሯን ከፍታ ቅርጫቱን አየች። ወደ ውስጥ ገባች፤ የሙዝ ቅጠል ስታነጥፍ ሰማሁ። እስከ አፉ ሞልታ አመጣችልኝ። አንገቴን እንደደፋሁ ተቀበልኋት።

«ቢንዱ፣ ያ ሰሌዳ...» አልኋት።

«መሸብሽ እኮ፣ እትዬ ኒሩ። እማማ ይጠብቁሻል» አለችና በሩን ዘጋችው።