ደረጃ የሌለው ቤትሽ

ውዴ ሙሉዬ፣

ካንቺ ከተለየሁ ወዲህ ሦስተኛው በረዶ ወረደ። ሰው እንዴት ነህ ሲለኝ "እግዚአብሔር ይመስገን" እላለሁ። ላንቺ ግን ደኅና ሳልሆን ደኅና ነኝ ብዬሽ አላውቅም፤ ዛሬም አልልሽም። ቤትሽ ፈርሷል።

ይህን ልነግርሽ ብዕር እያነሳሁ ስንት ጊዜ አስቀመጥኩ። ካንቺ ሌላ የሚገባው ሰው የለም። ለሌላው ሰው አንድ አሮጌ ቤት ተሽጦ በቦታው አዲስ ሊሠራ ነው፤ በቃ።

ክሬሰንት ታውን ፎቅ ላይ ስንኖር ሊፍቱ የተበላሸበትን ቀን ታስታውሻለሽ? የመገጣጠሚያ ሕመሙ ጠንቶብሽ በዊልቸር መሄድ የጀመርሽ ሰሞን ነው። የሐኪም ቀጠሮሽ እንዳያልፍ እኔና ጎረቤታችን ወንበር ላይ አስቀምጠን በደረጃው አወረድንሽ። ሰው በየፎቁ በሩን ከፍቶ ሲያይ ነጠላሽን ፊትሽ ላይ ሳብ አደረግሽ። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ፣ "በቁሜ እንደ ሬሳ ተሸክማችሁ አወረዳችሁኝ። ሁለተኛ ደረጃ ያለበት ቤት አልገባም" አልሽኝ።

ከዚያ በኋላ ቤት ፍለጋ ያልዞርንበት ሰፈር የለም። አንዱ መግቢያው ላይ ደረጃ አለው፣ ሌላው መኝታው ፎቅ ላይ ነው። ስካርቦሮ የሚባል ሰፈር ስንደርስ ቤት የሚያሻሽጠው ኤጀንት "ይኼ ራንች ስታይል ነው" ሲለን፣ "ከብት የለን፣ የከብት ማርቢያ ራንች ምን ያደርግልናል?" ብለሽ አሳቅሽው። ሁሉን ነገር መሬት ላይ የዘረጋ፣ በቁመቱ ዝቅ ብሎ በጎኑ የረዘመ ቤት ነበር። ጣሪያው ከግድግዳው አልፎ እንደ ባርኔጣ ጠርዝ ወጥቷል። የሳሎኑ መስኮት የግድግዳውን ግማሽ ወስዷል። ሳሎኑ፣ መመገቢያውና ወጥ ቤቱ መሐል ግድግዳ የለም፤ መኝታ ቤቶቹ በአንድ ኮሪደር ተደርድረዋል። አንቺ የኤጀንቱን ወሬ ጥለሽ ዊልቸርሽን እየገፋሽ ሄድሽ። ቆይቶ ከወዲያ ጫፍ ድምፅሽ መጣ፦ "ማንንም ሳልጠራ ደረስኩ!" እኔ ቤቱን የገዛሁት ያኔ ነው፤ ፊርማው በኋላ የመጣ ነገር ነው።

ወጥ ቤቱን በቁመትሽ ልክ ዝቅ አድርገን አሠራነው። እኔ ዕቃ ሳጥብ ወገቤ እስኪቆረጥ አጎነብስ ነበር፣ አንቺ ትስቂብኛለሽ። ከጋራዡ በቀጥታ ወጥ ቤት የሚያስገባው በር ስላለ በረዶ ሳትረግጪ መኪና ውስጥ ትገቢ ነበር። በጋ ሲሆን የጓሮውን የመስታወት በር ወደ ጎን ትከፍቺና ግማሽ አካልሽ ቤት፣ ግማሹ ጸሐይ ላይ ሆነሽ ጎመን ትቀነጥሺያለሽ። ከሁሉ የሚናፍቀኝ ግን ድምፁ ነው። ላይና ታች ስለሌለው የትም ብትሆኚ እሰማሽ ነበር። የዊልቸርሽ ጎማ ኮሪደሩን ሲያልፍ በድምፁ ብቻ ደስ ያለሽን ቀንና ያመመሽን ቀን እለይ ነበር።

አንድ ጠዋት ሻይ አፍልቼ ከዚህ ጫፍ ጠራሁሽ። አልመለስሽልኝም።

ካንቺ በኋላ ያ ቤት ረዘመብኝ። መኝታ ቤት ድረስ መሄድ ጠልቼ ሳሎን ሶፋው ላይ መተኛት ጀመርኩ። ከዚያ ዓይኔ ደከመና ሐኪሙ መኪና እንዳልነዳ ከለከለኝ። ለካ ያ ሰፈር መኪና ለሌለው ሰው አልተሠራም፤ ቤቱ ውስጥ ደረጃ የለም እንጂ ከቤቱ እስከ ሱቅ፣ እስከ ቤተ ክርስቲያን ያለው መንገድ ለእኔ ተራራ ሆነ። ጋራዡ ባዶውን ቀረ። መጀመሪያ ይመላለስ የነበረው ሰው ቀስ በቀስ ቀረ፤ አልፈርድበትም፣ ሩቅ ነው። ደጃፍ ላይ በረዶ ስጠርግ ወደቅኩና ጎረቤት አነሳኝ። ሜሮን ስትሰማ እያለቀሰች መጣች። "አባዬ፣ ሴፍ አይደለም። ብቻህን እንደዚህ... ፕሊዝ፣ ሙቭ አድርግ" አለችኝ። ልጃችን ስታለቅስ አንቺን ትመስላለች። እሺ ብዬ ቤቱን ሸጥኩት።

የገዛው ኮንትራክተር ነው። ቁልፉን ስሰጠው "ወጥ ቤቱ ዝቅ ያለው ለባለቤቴ ተብሎ ነው" አልኩት፤ የሚቀጥለው ሰው ግራ እንዳይገባው ብዬ። በትሕትና ራሱን ነቀነቀ። የሚፈልገው መሬቱን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

ሊያፈርሱት መሆናቸውን ስሰማ ለሜሮን ሳልነግር አውቶቡስ እየቀያየርኩ ሄድኩ። የፊቱ ግድግዳ ተነሥቶ ደረስኩ። አንድ ወለል ስለሆነ የሚሸሸግ ነገር የለም፤ ከመንገድ ላይ ሆኖ ኑሯችን ሁሉ ይታያል። መኝታችን፣ ኮሪደሩ፣ ያ አጭር ወጥ ቤትሽ። ፎቅ ቢሆን ለመውደቅ ጊዜ ይወስድ ነበር። ያንቺ ግን ማሽኑ አንዴ ጫን ሲለው ተኛ። አንድ ሠራተኛ አቧራው ውስጥ መቆሜን አይቶ መጣና በእንግሊዝኛ "ቤቱ ያንተ ነበር?" አለኝ። "የባለቤቴ ነው" አልኩት። ቆቡን አወለቀና አጠገቤ ቆመ።

አሁን ዌስተን የሚባል ሰፈር ነኝ፣ ፎቅ ላይ። ባቡሩ ከሥር ያልፋል። ሊፍቱ አንድ ቀን እንኳ ተበላሽቶ አያውቅም፤ አንጀቴን የሚያሳርረኝ እሱ ነው። እዚህ ብጠራሽ ድምፄ ግድግዳውን መትቶ ወደ ራሴ ይመለሳል። መጽናናት ይመጣል ያሉኝ ሁሉ ተሳስተዋል፣ ሙሉዬ። አልመጣም። እኔም መጠበቁን ትቻለሁ።

ባለፈው እሑድ ሜሮን ትንሿን ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ ፎቶሽን አንሥታ "ሁ ኢዝ ሺ?" ብላ ማን እንደሆንሽ ጠየቀችኝ። ታውቅሽ ነበር እኮ፤ ጭንሽ ላይ ነው ያደገችው። ረስታሻለች። አልተቆጣሁም። አጠገቤ አስቀመጥኳትና "አያትሽ ናት፤ ሙሉነሽ ትባላለች" አልኳት። "ሙሉነች" አለች። ደግማ "ሙሉነች" አለች። እስክታስተካክለው ድረስ በመጣች ቁጥር ስምሽን አስጠራታለሁ፤ ዓይኔ ፎቶሽን ማየት ቢያቅተው እንኳ በአፌ አስጠራታለሁ። ቃሌ ይኸው ነው። ከእኔ በኋላ ማን እንደሚጠራሽ ግን አላውቅም።

ባለቤትሽ ታደሰ