በቅርጫ የማይካፈለው፦ የወይዘሮ ፀሐይቱ ኡርጌሳ የሕይወት ታሪክ

በኅዳር ወር 1940 ዓ.ም.፣ የወለንጪቲ ጤፍ ለአጨዳ በደረሰበት ሰሞን፣ ለአቶ ኡርጌሳ ጃራና ለወይዘሮ ሙሉብርሃን ደገፋ የመጀመሪያ ልጅ ተወለደችላቸው። ያቺ ልጅ ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው እናታችን ወይዘሮ ፀሐይቱ ኡርጌሳ ናቸው።

ይህን ታሪክ ያዘጋጀችው የመጨረሻ ልጃቸው ብዙነሽ ኃይለየሱስ ናት። ያዘጋጀችውም በትእዛዝ ነው። እናታችን በሕይወታቸው ያልደረሱበት ቀብር ስላልነበረ ብዙ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሰምተዋል። ሴት ስትሞት "ደግ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ የሰባት ልጆች እናት" ተብሎ እንደሚታለፍና ሰባቱ እንዴት እንደመጡ ግን ማንም እንደማያነሳ ታዝበው፣ የእሳቸው ሲነበብ ነገሩ ሳይሸፋፈን እንዲነገር አዘዋል። አባቶች ካህናት ይቅርታ ያድርጉልን፤ የሟችን ቃል ማጠፍም ነውር ነው።

ወይዘሮ ፀሐይቱ ወለንጪቲ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አራተኛ ክፍል ተማሩ። በ1952 ዓ.ም. ወላጅ እናታቸው ስድስተኛ ልጃቸውን ሲገላገሉ ደም ፈሷቸው፣ አባታቸው ከገበያ ሳይመለሱ ዐረፉ። ሕፃኑም አልተረፈም። ወይዘሮ ፀሐይቱ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ትምህርቱ ቀረ፤ ትንሿን እህታቸውን አዝለው፣ ሌሎቹን ሦስቱን አስከትለው ቤት መምራት ጀመሩ። ስለዚያ ዘመን ሲጠየቁ "እናቴን አልቅሼ ሳልጨርስ እናት ሆንኩ" ይሉና ወሬ ይለውጣሉ።

በ1958 ዓ.ም. ከአቶ ኃይለየሱስ ወልደአማኑኤል ጋር ጋብቻ ፈጽመው ኑሯቸውን ናዝሬት አደረጉ። አባታችን የመንዝ ሰው ሲሆኑ በባቡር ጣቢያው የጭነት መዛኝ ነበሩ። በሚዛን ፊት ለባለሥልጣንም ለነጋዴም አያዳሉም፤ በእናታቸው በወይዘሮ ዘውድነሽ ፊት ግን ሚዛኑ ወዳሉት ይዘምም ነበር። አያታችን እማማ ዘውድነሽ በ1959 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ልጅ ስንዱ ስትወለድ አራስ ሊጠይቁ መጡ። ክርስትናዋን አይተው እንደሚመለሱ ተናግረው ነበር። ክርስትናው አለፈ፣ ልጅቷም ትምህርት ቤት ገባች፤ እማማ ግን በ1977 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ከዚያች ቤት አልወጡም።

እማማ ዘውድነሽ አሥራ አንድ ልጆች ወልደው የቀሩላቸው አባታችን ብቻ ነበሩ። ስለዚህ በእሳቸው ዐይን ቤት ውስጥ ልጅ በቃ የሚባልበት ጊዜ አልነበረም። ምራታቸው ደከመኝ ሲሉ "ልጅ በዕድሉ ያድጋል" ይሉ ነበር። ልጅ በዕድሉ ሲያድግ ሽንት ጨርቁን ግን የሚያጥቡት እናታችን ነበሩ።

በ1968 ዓ.ም. ስድስተኛው ልጅ ሲወለድ እናታችን ብዙ ደም ፈሷቸው በጋሪ ሆስፒታል ደረሱ። ሐኪሙ አባታችንን ለብቻቸው ጠርቶ፣ ሚስታቸው ሌላ ልጅ ከወለዱ እንደማይተርፉ በግልጽ ነገራቸው። አባታችን በሚገባ ሰሙ። ቤት ሲደርሱ ግን ይህን ለእናታቸው ለመናገር አንደበታቸው ተሳሰረና ሐኪሙ ጉበት ይብሉ ብሏል አሉ። ያን ዓመት ሙሉ እናታችን ጉበት በሉ፤ ጾም ሲገባ ደግሞ ተልባ ጠጡ። እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ጉበት የቀረበበት ማዕድ ላይ አይቀመጡም ነበር።

ብዙም ሳይቆይ በሰፈራችን ጤና ጣቢያ የወሊድ መከላከያ ኪኒን መሰጠት ተጀመረ። ደንቡ ባል መጥቶ ይፈርም የሚል ነበር። አባታችን የሚስታቸውን ሞት የሚፈልጉ ሰው አልነበሩም፤ ነገር ግን እናታቸውን ፈሩ። እማማ ዘውድነሽ በተራቸው የነፍስ አባታቸውን አባ ተክለሃይማኖትን ፈሩ። የባቡር ጣቢያው ሠራተኞች ደግሞ፣ አንዱ ቢፈርም ሌሎቹ ጠላ ቤት ምን ይሉኛል እያለ እያንዳንዱ ሌላውን ይጠብቅ ነበር። ይባስ ብሎ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ፉፋ በስብሰባ ላይ ተነሥተው ኪኒኑ የኢምፔሪያሊዝም ሴራ መሆኑን፣ እናት አገር በዚህ የጦርነት ሰዓት ብዙ ልጅ እንደምትፈልግ ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጤናዬ አምስተኛ ልጃቸውን እያጠቡ ከኋላ ወንበር ላይ ያዳምጡ ነበር።

ከግቢው ጎረቤቶች የፈረሙት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። እሳቸውም የወይዘሮ ዘሃራ ባለቤት አቶ ራህመቶ ሲሆኑ የአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ሐሜቱ ሲጀመር እሳቸው አዋሽን ተሻግረው ስለሚሄዱ ምንም አልደረሰባቸውም። ወይዘሮ ዘሃራ ግን ኪኒኑን ይዘው ቤታቸው ሲገቡ እንቅልፍ አጡ። እናታችንና ወይዘሮ ጤናዬ ጓደኞቻቸው ናቸው፤ አንዷ ከሞት ጋር ቀጠሮ ይዛለች፣ ሌላዋ የሊቀ መንበር ሚስት ናት። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል።

ጊዜው የ1970 ዓ.ም. የፋሲካ ዋዜማ ነበር። ወንዶቹ ከግቢው ጀርባ በሬ ጥለው የቅርጫውን ሥጋ በቅጠል ላይ በመደብ በመደብ ይደለድላሉ። ሦስቱ ሴቶች በሁሉ ነገር አብረው ሲኖሩ በሥጋ ቅርጫ ግን አንድም ቀን አብረው ተካፍለው አያውቁም፤ ወይዘሮ ዘሃራ የእስላም እንጂ የክርስቲያን ሥጋ አይበሉምና። የዚያን ዕለት ወይዘሮ ዘሃራ ኪኒኑን ሰፌድ ላይ አፍስሰው፣ ይህን እንኳ ቄስም ሼህም አልከለከለንም አሉ። ሦስት መደብም ተደለደለ። በእሽጉ ውስጥ የነበሩት፣ ለደም ማነስ የሚሰጡት ቡኒዎቹ ኪኒኖች እንደ ጉበት ተቆጥረው ለየመደቡ እኩል ተመደቡ። እናታችን ጉበት በቃኝ ብለው ቡኒውን እምቢ ቢሉም ቅርጫ ነውና አይሆንም ተባሉ። ከዚያ አዝራር፣ የባቄላ ፍሬና መርፌ ለዕጣ ቀረበ፤ ወይዘሮ ዘሃራ ዐይናቸውን ጨፍነው ጣሉ፤ ማንም ሳይበደል ተካፍለው ወደየቤታቸው ገቡ።

በየቀኑ አንድ እንደሚዋጥ ወይዘሮ ዘሃራ በጤና ጣቢያው ተነግሯቸዋል። ይሁን እንጂ ጠበል ጠብታም ብትሆን ጠበል ናት፤ ዘምዘምም እንዲሁ። ስለዚህ ሦስቱም መደባቸውን በቁጠባ ያዙት። ወይዘሮ ዘሃራ አቶ ራህመቶ ከአሰብ የተመለሱ ቀን፣ ወይዘሮ ጤናዬ ስብሰባ ቶሎ ያለቀ ቀን ይውጣሉ። የእናታችንን አወሳሰድ ለአባቶች ክብር ስንል እንለፈው።

በጥር 1971 ዓ.ም. ሦስቱም ወለዱ። የአንድ ግቢ ሴቶች በአንድ ወር መገላገላቸው በሰፈሩ ብዙ አነጋገረ። የቅርጫው ነገር ሾልኮ ሲወጣ ወንዶቹ መድኃኒቱ ልጅ የሚያስወልድ ነው ብለው ደመደሙ፤ ልጅ ያላገኙ አንድ ባልና ሚስት ከወንጂ ድረስ እየጠየቁ መጡ። ሦስቱ ሕፃናትም እስከ ዛሬ የሚጠሩበት "የቅርጫ ልጆች" የሚለው ስም ወጣላቸው። ከሦስቱ አንዷ ይህን የጻፈችው ናት። ስሟን ብዙነሽ ያሉት እማማ ዘውድነሽ ሲሆኑ ያወጡትም ገና ሳትወለድ ነበር።

በተወለደች ዕለት ግን የሳቀ ሰው አልነበረም። የገበያ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ እናታችን እንደገና ደም ፈሰሳቸው። አባታችን ባቡር ጣቢያ ነበሩ። እማማ ዘውድነሽ ጋሪ አስቁመው፣ የምራታቸውን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው በገበያተኛው መሐል ወደ ሆስፒታል ገሠገሡ። ስንዱ ሕፃኗን ታቅፋ በር ላይ ቆማ ቀረች። በመንገድ ላይ እናታችን ዐይናቸውን ገልጠው አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ።

"እማማ፣ እናቴ ስትሞት የስንዱ እኩያ ነበርኩ።"

እማማ ዘውድነሽ በሕይወታቸው ብዙ ልጅ ቀብረዋል፤ የልጅ እናት ግን ቀብረው አያውቁም ነበር።

እናታችን በአምላክ ቸርነትና ከሆስፒታሉ በተሰጣቸው ደም ተረፉ። ከሆስፒታል በወጡ ሳምንት እማማ ከዘራቸውን ይዘው ብቻቸውን ጤና ጣቢያ ሄዱ። ኪኒን የሚሰጡት ድሬሰር አቶ ቀነዓ ለደንብ ነፍሳቸውን የሚሰጡ ወጣት ነበሩ። ባል ካልፈረመ አይሰጥም ብለው በትሕትና አስረዷቸው። እማማ አስጨርሰው ከሰሟቸው በኋላ አውራ ጣታቸውን ዘረጉ።

"እሱን የወለድኩት እኔ ነኝ። የሚፈርምበትንም ጣት የሠራሁት እኔ ነኝ። ቀለሙን አምጣ።"

አቶ ቀነዓ ደንቡን ቢያገላብጡ ስለ ጣት ሠሪ የሚል አንቀጽ አላገኙም። ቀለሙን አመጡ።

ማታ አባታችን ይህን ሰሙ። ከዚያ ሐኪሙ የነገራቸውን፣ ጉበቱም የፈጠራ መሆኑን ተናዘዙ፤ እናታቸውን ፈርተው እንጂ መፈረም ይፈልጉ እንደነበርም ገለጹ። እማማ ዘውድነሽም "እኔ ደግሞ እናቴ ሚስቴን አመከነችብኝ እንዳትለኝ አንተን ፈርቼ" አሉ። የቀሩት አባ ተክለሃይማኖት ነበሩ። እናትና ልጅ ተያይዘው እግራቸው ላይ ሲወድቁ፣ አባ እስከዚያ ቀን ድረስ ስለዚህ ነገር ማንም ጠይቋቸው እንደማያውቅ ተናገሩ። ቤተ ክርስቲያን ያዘዘቻቸው አጽዋማት ከዓመቱ እኩሌታ እንደሚበልጡና አቶ ኃይለየሱስ ሁሉንም በሚገባ፣ በመኝታም ጭምር ጾመው ቢሆን ኖሮ ሰባት ልጅ ላይ እንደማይደረስ በትካዜ ገለጹ። ከዚያም ነፍስ ማትረፍን አልከለክልም ብለው መስቀላቸውን አሳለሟቸው። አባታችን ከዚያ ወዲያ ጾም ሲገባ ማንንም ቀና ብለው አያዩም ነበር።

ጥቂት ቆይቶ እማማ ዘውድነሽ ወይዘሮ ጤናዬን አስከትለው በቀበሌ ስብሰባ መሐል ገቡና፣ "ጓድ ፉፋ፣ ጣትህ ይሠራል ወይስ እኔ ልፈርምልህ?" ብለው ጠየቁ። ጓድ ፉፋ ፈረሙ። በሚቀጥለው ስብሰባም የቤተሰብ ምጣኔ የአብዮቱ የማዕዘን ድንጋይ መሆኑን በተመለከተ ከበፊቱ የረዘመ ንግግር አደረጉ።

እናታችን ኪኒኑን ለብቻቸው መዋጥ ለመልመድ ተቸግረው ነበር። ሰው እያየ ለብቻ መብላት ነውር ሆኖባቸው ጓዳ ገብተው ይውጡ እንደነበር ነግረውናል። ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በሴቶች ማኅበር በኩል ሰፌድና ባቄላ ይዘው ወንጂና መተሐራ የሸንኮራ ሠራተኞች ሰፈር፣ ወለንጪቲና እስከ ኩየራ ድረስ እየዞሩ አስተማሩ። ባቄላውን በሦስት መደብ ይደለድሉና የራሳቸውን ጉድ ያወራሉ፤ ሴቶቹ እየሳቁ ይሰማሉ። ከዚያ "ጠላው ይካፈላል፣ ለቅሶው ይካፈላል፣ ይህ አይካፈልም" ይላሉ፤ ኦሮምኛ ተናጋሪ ለበዛበትም "ኩን ሂን ቆደሙ" ብለው ይደግሙታል። በየሄዱበት ግን በመጀመሪያ የሚፈልጉት አማቶቹን ነበር። የወጣቷን አማት ከጎናቸው ሳያስቀምጡ ሰፌዱን አይዘረጉም።

አባታችን በ1994 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ እናታችን በዚያው ቤት ኖሩ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የስኳር ሕመም ያዛቸው፤ የስኳር አገር ሰው በስኳር ቢሞት ማን ይገረማል እያሉ ጠያቂውን ያስቁ ነበር። ሕመሙ ጸንቶባቸው ሰኔ 9 ቀን 2011 ዓ.ም. በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ በገዛ አልጋቸው ላይ፣ ልጆቻቸው ከበዋቸው ዐረፉ።

ወይዘሮ ፀሐይቱ የሰባት ልጆች እናትና የአሥራ ስድስት ልጆች አያት ነበሩ። የእነዚህን አሥራ ስድስቱን እናቶች አንዷንም ጋሪ ላይ ጭነን አናውቅም። ወይዘሮ ዘሃራ እዚህ ከፊታችን ተቀምጠዋል፤ ዛሬም ነጠላቸውን ለሁለት አጣጥፈው እያለቀሱ ነው። ሦስቱ የቅርጫ ልጆችም ጎን ለጎን ቆመናል፤ ይህን ለቅሶ ግን በቅርጫ ተካፍለነዋል።

እናታችን እናታቸውን ሲቀብሩ አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ዛሬ እሳቸውን ከምንቀብረው ልጆች የመጨረሻዋ አርባ ዓመቷ ነው። በሕይወታቸው የለመኑት ይህንኑ ነበር፤ አግኝተውታል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ መካከል ያሳርፍልን፤ አልቅሰው ካልጨረሷቸው እናታቸው ከወይዘሮ ሙሉብርሃን ጋርም ያገናኝልን። አሜን።