ተጫኚው ያልኩት እኔ ነኝ

ሰኞ፣ ጥር 6

ዛሬም አስተማርኩ! ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በቀጥታ ሆስፒታል ካርድ ክፍል የገባሁት ሴትዮ፣ የነርስና የላብራቶሪ ተማሪዎችን የሕሙማን መዝገብ በኮምፒውተር ሳስተምር! ባሌ፣ «እንግዲህ እኛንም ልትፈትኚን ነዋ» አለ። ሳቄ አልቆም አለ።

ከሰዓት ዝምተኛዋን የነርስ ተማሪ ከጎኔ አስቀምጬ አለማመድኳት። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም አንድ የሆነ ሁለት ካርድ ኮምፒውተሩ ላይ ወጣ። ዕድሜም ሁለቱም አርባ። (ሲጠየቅ አርባ የማይል ማን አለ?)

«ካርዷ ጠፍቶባት ሌላ አውጥታ ነው። ማዋሃጃውን ተጭነሽ አንድ አድርጊው» አልኳት።

«የእናታቸውን ስም ብንጠይቅስ?»

«ልጄ፣ ሃያ ዓመት ካርድ አውጥቻለሁ። ተጫኚው!»

ተጫነችው።

ማክሰኞ፣ ጥር 7

ሁለት ሴቶች ናቸው...

ጉልበቷን ያመማት ሴትዮ የሌላዋ የስኳር መድኃኒት ሊሰጣት ፋርማሲ ድረስ ደርሳለች። «የምን ስኳር? እኔን ያመመኝ ጉልበቴ ነው!» ብላ ጮኻ ነው የተረፈችው።

የክፍላችን ኃላፊ እየሮጠ መጣ። «ማን ነው የነካው?»

«ተማሪዋ ናት» አልኩ። ውሸት ነው? ጣቱ የሷ ነው። ትዕዛዙስ? ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

ረቡዕ፣ ጥር 8

ከልምምድ አገዷት።

ዓርብ፣ ጥር 10

ባሌ፣ «ቤቱ ጭር አለ፣ ሬዲዮናችን ምን ነካት?» አለ። እኔን ማለቱ ነው። ነገርኩት። «ለእኔ መንገርሽ ምን ያደርጋል? ለሚመለከተው ንገሪ» አለኝ።

ልምምዱን ካልጨረሰች ዓመቱን ትደግማለች አሉ። ዓመት! በእኔ አፍ...

ሰኞ፣ ጥር 13

ለኃላፊው ተናገርኩ። «ተጫኚው ያልኳት እኔ ነኝ። እንጠይቅ ስትለኝ እምቢ ያልኩትም እኔ።» በዕድሜ ልጄ የሚሆን ሰው ነው። እሱ አፍሮ አቀረቀረ። «እሷ ትመለሳለች። እርስዎ ግን ከማስተማሩ ይወርዳሉ» አለ። ይነሰኝ።

ተጠርታ ስትመጣ ኮሪደር ላይ አገኘኋት። ፊቴን የት ላድርገው? «ይቅር በይኝ... ግን ምነው ዝም አልሽ?»

«እትዬ፣ ራስዎ ይናገራሉ ብዬ ነዋ። ጠዋት ጠዋት ዋናው በር ላይ ቆሜ እጠብቅዎት ነበር።»

መቆሟን አውቃለሁ። ከረቡዕ ጀምሮ በጓሮ በር ነው ስገባ የሰነበትኩት።