የመሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ እንዳላማው የሕይወት ታሪክ፤ ስለ ወንበራቸውና ስለ ጥርሳቸው

መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ በ1939 ዓ.ም. ይጁቤ አጠገብ ከአባታቸው ከቄስ እንዳላማው የኔዓለምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ኪዳን ወልደ ሚካኤል ተወለዱ። ፊደል ከአባታቸው ቆጥረው በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ዜማ ፍለጋ ደብረ ኤልያስ ወረዱ። ድጓውን ከነምልክቱ ዘልቀው ሲመለሱ፣ በ1968 ዓ.ም. ዛሬ በተሰበሰብንበት በዚህ ደብር የድጓ መምህር ሆነው ወንበር ዘረጉ። በዚያው ዓመት ወይዘሮ አመተ ማርያምን በተክሊል አግብተው ሦስት ልጆች አፈሩ።

ሃያ ስድስት ዓመት አስተማሩ። ዜማ የሳተ ተማሪ ሲሰሙ ወለሉን በመቋሚያቸው አንድ ጊዜ ይመቱ ነበር እንጂ አይሳደቡም።

በጥር 1994 ዓ.ም. ከሉማሜ ሲመለሱ አውቶቡሱ ድንገት ፍሬን ያዘና፣ የፊተኛው ወንበር ብረት ሦስት የላይ ጥርሳቸውን አወለቀው። ሌላ ጉዳት አልደረሰባቸውም። ለድጓ መምህር ግን ያ በቂ ነበር፤ ሲያዜሙ ትንፋሻቸው በክፍተቱ ይሾልክ ጀመር። ሰበካ ጉባኤው "የኔታ፣ ለጊዜው ይረፉ" ብሎ ወንበሩን ለደቀ መዝሙራቸው ለመሪጌታ ወልደ ገብርኤል ሰጠ።

እሳቸው ማረፍ አልፈለጉም። በኅዳር 1995 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ሄደው ብሪጅ የሚባለውን አሠሩ። ሐኪሙ ከክፍተቱ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ጤነኛ ጥርሶች ሞርዶ፣ አምስት የተያያዘ ጥርስ እንደ ድልድይ አጋድሞ በሲሚንቶ አጣበቀው። ወይዘሮ አመተ ማርያም አይተው፣ "ለወደቁት ብለው የቆሙትን አስሞረዱ?" አሏቸው። መልሱን በዜማ ሰጧቸው፤ ትንፋሹ አልሾለከም።

ወንበራቸውን ሳይረከቡ ሁዳዴ ገባ። ከሰበካ ጉባኤው አቶ ይስማው፣ ድልድዩ ሥር ፍርፋሪ ያድራልና እህል በአፉ ያሳደረ ሰው ጾመ ድጓ እንዴት ይመራል ሲሉ ጠየቁ። አንድ ዘመዳቸው ጥርሱን እያወለቀ ብርጭቆ ውስጥ ሲያሳድር አይተው ስለነበር መፍትሔም አላጡ፦ "ጌታው፣ ለሁዳዴ ያውልቁትና ለፋሲካ ያጥልቁት።"

"የተጣበቀ ነው፤ እንደ ጫማ በር ላይ አይወልቅም" አሉ መሪጌታ።

አላመኗቸውም። በቃለ ጉባኤ ላይ እምቢተኛ ተብለው ሰፈሩ። የሐኪሙን ወረቀት ቢያመጡ ማኅተሙ ደበዘዘ ተባለ። አራት ጊዜ ተሰብስበው ነገሩን ወደ ሊቃውንት ላኩት። ክልከላ የለበትም የሚል መልስ በሁለተኛው ዓመት መጣ፤ ተነበበና ፋይል ውስጥ ገባ። እስከዚያ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ወንበሩን ለምደውት ነበር፤ የተቀመጠን ማስነሣት ነውር ነው ተባለ። "ለጊዜው" የተባለው አሥራ አምስት ዓመት ፈጀ።

በእነዚያ ዓመታት መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ ከማኅሌት አልቀሩም፤ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ይቆሙ ነበር። ዜማ ሲሳት ይሰማሉ፤ ወለሉን መምታት ግን ትተው ነበር።

ከሰኔ 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ኅዳር 14 ቀን 2009 ዓ.ም. በሰባ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን ትዕግስትን፣ አርሴማንና ታረቀን፣ እንዲሁም አምስት የልጅ ልጆች ትተዋል።

ሰበካ ጉባኤው ትናንት ተሰብስቦ፣ መሪጌታ የደብሩ መምህራን በሚያርፉበት ስፍራ እንዲቀበሩ በአንድ ድምፅ ወስኗል። ስብሰባው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ቤተሰቡ ያመሰግናል።

አምላከ ቅዱሳን ነፍሳቸውን ከማኅሌታውያኑ ጋር ያቁምልን። እዚያ ስፍራ የሚሰጠው ሰበካ ጉባኤ አይደለምና ተስፋችን ሙሉ ነው።