ለጥንቸሎች የተሸፈነ ቅጠል

ሃሎዜ፣ ማርች 6 ቀን 1997

ለልጄ ለአንድራዥ፣

ምግብ ስትበላ ትን የሚልህ ከሆነ ሌላ ሰው አትጠርጥር፤ ያነሳሁህ እኔ ነኝ። ስምህን ከአፌ አላወርድም። እናንተ ሜልበርን በማርች ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ነው ብለህ በገና ካርድህ ጽፈህልኝ ነበር። እኛ ጋ በረዶው ቀልጦ ግቢው ጭቃ ብቻ ነው።

እንደምታውቀኝ ዙሪያ ጥምጥም አልችልበትም። አባትህ ታሟል። በጥር ወር ሆዱን ከፍተው አዩና መልሰው ሰፉት። ሐኪሙ እኔን ወደ ኮሪደር ጠርቶ፣ «እማማ፣ ባለቤትዎ ፋሲካን ያዩ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ላለው ግን ቃል አልገባልዎትም» አለኝ። ለአባትህ ማንም አልነገረውም። ግን በአውቶቡስ ስንመለስ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ፣ «ቲልካ፣ ዘንድሮ ወይኑን የሚገርዝልን ሰው ፈልጊ» አለኝ። እድሜውን ሙሉ መቀሱን ለሰው አሳልፎ ሰጥቶ አያውቅም። ያን ጊዜ እንዳወቀ ገባኝ።

ይህን ደብዳቤ እየጻፍኩልህ መሆኔን አያውቅም። ቢያውቅ ያኮርፋል፤ የእሱን ኩርፊያ ደግሞ አንተም እኔም እስኪበቃን ጠግበነዋል። አሁን ከጓሮ ነው፣ በወጥ ቤቱ መስኮት ይታየኛል። ያንን ረጅም ካፖርቱን ደርቦ፣ ባልዲ ይዞ ጎንበስ ቀና ይላል። ግባ ብለው መች ይሰማኛል!

ለምን ዛሬ እንደጻፍኩልህ ልንገርህ። ሬግራቱ፣ ያ መራራው የጸደይ ሰላጣችን፣ ተመልሶ መጥቷል።

አዎ፣ አንተ በዘራኸው ሣር መካከል። ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ቅጠል ያልታየችበት ቦታ፣ በረዶው ሲሸሽ ያ መጋዝ የመሰለ ቅጠሉ መሬት ላይ ተለጥፎ ተገኘ። መጀመሪያ ያየው አባትህ ነው። «ቲልካ! ቲልካ!» ብሎ ሲጣራ ወደቀ ብዬ ዱቄት በዱቄት እንደሆንኩ ሮጬ ወጣሁ። በጉልበቱ ተንበርክኳል። «እያት» አለኝ በጣቱ እያሳየ፣ «የእናቴ ናት። ቅጠሏ ሰፊ ነው፣ የዱር አይደለችም።» ከዚያ ወዲያ መነሳት አቃተው፣ ደግፌ አነሳሁት።

አንድራዥ፣ ከአባትህ ጋር የተጣላችሁባትን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። አንተ እኮ ክፉ አላሰብክም። ኦስትሪያ፣ ግራዝ ከተማ የሀብታሞችን ግቢ ስታሳምር ኖረህ፣ የአባትህም ግቢ እንዲያምር ፈለግህ። ለወገቡ ፍል ውሃ የሄድን ጊዜ የአረም መድኃኒቱን ረጭተህ፣ አፈሩን አለስልሰህ፣ ሣር ዘርተህ ለስድሳኛ ልደቱ አዘጋጅተህ ጠበቅኸን። ስንመለስ በር ላይ ቆመህ ፊትህ በደስታ ሲያበራ አሁንም ይታየኛል። እሱ ግን ሻንጣውን እንኳ ሳያስቀምጥ፣ «የእናቴ መደብ የት ሄደ?» አለህ።

«የቱ መደብ? ሬግራቱ? አባዬ፣ እሱ እኮ አረም ነው!» ብለህ ሳቅህ።

ታሪኩን ሰምተኸው ነበር፣ ግን ልጅ የአያቱን ታሪክ እንደሚሰማው ነው የሰማኸው። ከጦርነቱ በኋላ አያትህ ኔዣ ባሏ ሳይመለስ ቀርቶ ከአምስት ልጆች ጋር ባዶ ጎተራ ታቅፋ ተቀመጠች። ከሜዳው ሬግራት እየለቀመች አበላቻቸው። ቅጠለ ሰፊውን እየመረጠች፣ ነጩን ጥጥ ንፋስ ሳይወስደው ዘሩን እየሰበሰበች ከፕሪሙ ዛፎች ሥር መደብ ሠራች። በየዓመቱ የመጀመሪያው ሬግራት በአንድ ትልቅ ሳህን ይቀርባል፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ከእሱ ይበላል፣ ከእሱ ያልበላ ከቤቱ አይቆጠርም። ያ ሁሉ ነው በአንድ ቃል አረም የሆነበት።

«አረም ከሆነ» አለህ፣ «አረም ያሳደገኝ እኔም አረም ነኝ። ከአረም ጋር ከአንድ ሳህን አትብላ።»

አንተም፣ የእሱ ልጅ አይደለህ፣ «እሺ፣ አልበላም» ብለህ ቦርሳህን አነሳህ፣ ያው ሜልበርን ድረስ ዘለቅህ። ግግም ማለትን ከማን ወረስከው? ከእኔ እንዳልሆነ ሃሎዜ በሙሉ ይመሰክራል።

ከዚያ በኋላ አባትህ ሬግራት በአፉ አልዞረም። ስላቭካ፣ ጎረቤታችን፣ በየዓመቱ ከድንችና ከእንቁላል ጋር አዘጋጅታ፣ የዱባ ፍሬ ዘይት አፍስሳበት በአጥሩ ላይ ታቀብለኛለች። እሱ «ሆዴ አልፈለገውም» ብሎ ይነሳል። ግን አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለብዙ ጊዜ እኔም ልብ አላልኩትም ነበር። ሣርህን አልገለበጠውም። በአንድ ጠዋት አርሶ ድንች ሊተክልበት ይችል ነበር፤ እኔም ይህን ስጠብቅ ነበር። ይልቅ ማጭዱን ስሎ በየጊዜው ያጭደው ነበር፤ የስላቭካ ዶሮዎች ሲገቡበት ደግሞ መንደሩን በጩኸት ያነቃዋል። «የምትጠላውን ሣር ለምን ትጠብቃለህ?» ብለው፣ «ማን ጠላሁ አለሽ?» አለኝ። ነገሩ በዚያው ተዳፈነ።

አሁን ደግሞ ጉዱን ስማ። ሬግራቱን ባየ በማግስቱ ባልዲ ይዞ ወደ ሜዳው ወረደ። ፍልፈል የቆለለውን ለስላሳ አፈር እየዛቀ አምጥቶ እያንዳንዷን ቅጠል ቀበራት። በላይዋ ላይ ያገኘውን ሁሉ ደፋ፤ የአበባ ማሰሮ፣ የተቀደደ ባልዲ። በመጨረሻ የሾርባ ድስቴን ወሰደብኝ። ስላቭካ በአጥሩ ብቅ ብላ፣ «ሎይዜ፣ ዘንድሮ ድስት ልትዘራ ነው እንዴ?» አለችው። «አዎ፣ ክዳኑ ባንቺ ጓሮ ይበቅላል» አላት። ከጥር ወዲህ ስንስቅ ያን ቀን የመጀመሪያችን ነበር።

«ለማን ነው የምትሸፍነው?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ለጥንቸሎቹ።»

«የቶቹ ጥንቸሎች? ቤታቸው ማገዶ ከሞላበት ስንት ዘመኑ!»

«ይመጣሉ» አለኝና ባልዲውን አንስቶ ሄደ።

እሱ ራሱ ሊበላው አይችልም፤ ከሾርባ በቀር ሆዱ ምንም አይቀበልም፣ እሱም አንዳንዴ ይመለሳል። ለእኔ እንዳይሆን እኔ አረንጓዴውን፣ መራራውን እንደምወድ ያውቃል። አፈር ውስጥ ያደገ ነጭ ሬግራት፣ ያ መራራነቱ የጠፋው፣ በዚህ ቤት የሚበላው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ትንሽ ልጅ ሳለህ «ይመረኛል» ብለህ ስታለቅስ፣ አባትህ የፍልፈሉን ጉብታ ሁሉ በእጁ እየፈተሸ ነጩን ለአንተ ለይቶ ያመጣልህ ነበር። ከሳህኑ ላይ ያንተን ጎን ያውቅ ነበር፤ ነጩን ሁሉ ወደዚያ ይገፋው ነበር። ረስተኸው ይሆናል። እሱ አልረሳውም።

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ በባልዲዎቹ መካከል ወድቆ አገኘሁት። «ምነው ሎይዜ! ምነው!» ብዬ ስጮህ፣ «አትጩኺ፣ ይልቅ ድስቱን እንዳትገፊው፤ ብርሃን ከገባበት ይመራል» አለኝ። አቅፌ አነሳሁት። አንድራዥ፣ እኔ አሮጊቷ ብቻዬን አነሳሁት። በሠርጋችን ቀን እኔን ተሸክሞ ጅረቱን የተሻገረ ሰው እንደ እቅፍ ጭራሮ ቀለለኝ። አልጋው ላይ አስተኝቼው ወጥ ቤት ገብቼ በፎጣ አፌን አፍኜ አለቀስኩ።

ስለዚህ ልጄ፣ ና። በጡቴ ይዤሃለሁ፣ ና። ይቅርታ ልጠይቅ፣ ምን ልበል ብለህ አትጨነቅ። እሱም ምንም አይልህም፤ መናገር ቢችልበት ኖሮ ባልዲ አይደፋም ነበር። ገብተህ ኮትህን ስቀል፣ ተቀመጥ፣ ብላ። የቀጠነ አንገቱን ስታይ አትደንግጥ፤ ብትደነግጥም በፊትህ ላይ አታሳይ። ዘንድሮ ፋሲካ በማርች መጨረሻ ነው። ሬግራቱም ከዚያ ብዙ አይቆይም፤ አንዴ ቢጫ አበባውን ካወጣ አለቀ፣ ምን ቢሸፍኑት አይበላም። እኔ ስለ ሬግራቱ ብቻ እያወራሁ እንዳልሆነ ታውቃለህ።

አሁን ስጽፍልህ ገባ። እጄን በወረቀቱ ላይ ደረብኩ፣ ግን የፖስታው ቀይና ሰማያዊ ጠርዝ ከሩቅ ይታያል። አየው። ወደ ባንቧው ሄዶ ጭቃውን ከእጁ ሲያጥብ በጣም ቆየ።

«ለማን ነው?» አለኝ ጀርባውን እንደሰጠኝ።

«ለእህቴ» አልኩት። ውሸት ሲባል እንደማልችልበት ታውቃለህ።

«እህትሽ ፕቱይ አይደለችም? በእግር ይደረሳል፣ በአውሮፕላን ትልኪላታለሽ?»

እጁን አደራረቀ፣ ፎጣውን አጥፎ ሰቀለ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ወደ እኔ አልዞረም።

«በይ ጻፊለት» አለኝ። «ሬግራቱ ሳያብብ ጥንቸሉ ይድረስ።»

እንግዲህ ሰማህ፣ ልጄ። አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አንድ ቃል አልቀነስኩም። እመቤታችን ማርያም መንገዱን ታቅናልህ፣ በሰማይም በምድርም ከክፉ ትጠብቅህ፣ እኔንም ለዓይንህ ታብቃኝ። የሾርባ ድስቴን አልነካውም። አንተ መጥተህ ታነሳዋለህ።

እናትህ ቲልካ