ለኮራል የመረጥኩላት ሰንጢ

ኮራልዬ፣ ጣትሽ ጠገገልሽ? እኔ ሎንግሪች ከተማ ገብቼ ዛሬ ከኮርቻ ሻጩ ከክላይቭ ሱቅ ሰንጢ መረጥኩልሽ። መጀመሪያ የሚያብረቀርቅ፣ ቀጭን ነገር ሰጠኝ። ከፍቼ ስለቱን ግራና ቀኝ ብነቀንቀው ተወዛወዘ።

"ለብርቱካን መስሎኝ ነው፣ የኔ ቆንጆ" አለኝ።

"ለብርቱካንማ ጥፍሬ ይበቃኛል! የበግ ጅራት የሚቆርጥ፣ ገመድ የሚበጥስ አምጣ፣ አንተ ሽማግሌ!"

ስድስት አስወጣሁት። ስድስተኛው ወፍራምና መልከ ጥፉ ነው፤ ግን ሲከፈት ቀጭ ብሎ ይቆለፋል። የስለቱን ጀርባ ጠረጴዛው ላይ አድርጌ በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት፣ ንቅንቅ አላለም። ክብደቴን ደግሞ ታውቂዋለሽ! እጀታው ቢጫ ስለሆነ ሣር ውስጥ ቢወድቅም ይታያል።

እኛ በግ እርባታ ላይማ ሰንጢ ሲላላ ባሌ ሜርቭ በአጥር ሽቦ ይጠፍረዋል። ጣትሽ ላይ የታጠፈውም እሱ የጠገነው ነው፤ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ባልሽንና ልጆቹን ሳሚልኝ። ሁለተኛ ሰንጢ አልይዝም ብለሻል አሉ፤ አልቀበልም። ሐሙስ ጅራት ቆረጣው ሲጀመር የመጀመሪያዋን ግልገል እኔ እይዛታለሁ፣ የምትቆርጪው አንቺ ነሽ።

ፖስትካርዱ ሞላብኝ።
ኖሊን